ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመርጪው ልጄ

ልጄ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 19 ቀን 2019፣ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት መንግሥቷን ትመርጣለች። አንቺም 18 ሞልቶሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሰለፊያለሽ። ምርጫ ሲቀራረብ የሰው ልክ ይታወቃል፤ ከአሸናፊው ይልቅ የተሸናፊው። ይህን ይዘሽ እንድትሄጂ ጥቂት ነገር ጻፍኩልሽ። የዚህን አገር ዓመት በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ እቆጥርልሻለሁ።

1. የ1999ን ታሪክ እወቂ። የሊበራል ፓርቲው ጄፍ ኬኔት ቪክቶሪያን ሰባት ዓመት በብርቱ እጅ ገዝቷል። ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የገጠር ባቡር መስመሮች ተቋርጠዋል፣ የዋናው ኦዲተር ሥልጣን ተቀንሷል። እንዲያም ሆኖ ይሸነፋል ያለ ጥቂት ነበር። የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ መሪ ስቲቭ ብራክስ እዚሁ አጠገባችን የዊሊያምስታውን ተመራጭ ነበር፤ በአባቱ በኩል ዘሩ ከሊባኖስ የመጣ የስደተኛ ልጅ ልጅ ነው። ሴፕቴምበር 18 ማታ ድምፅ ሲቆጠር ገጠሩ ከኬኔት ፊቱን ማዞሩ ታየ። የፍራንክስተን ኢስት ተወካይ ፒተር ማክሌላን በምርጫው ዕለት በመሞቱ የዚያ ወረዳ ምርጫ ለኦክቶበር 16 ተላለፈ፤ አንድ ወር ያህል ማን እንደሚገዛ ሳይታወቅ ቆየ። በመጨረሻ ከ88 ወንበር የኬኔት ጥምረት 43፣ ሌበር 42፣ የግል ተመራጮች 3 ያዙ። ከሦስቱ አንዱ ክሬግ ኢንግራም የባሕር ጠላቂ ሲሆን የተመረጠው የስኖዊ ወንዝ ውኃው ይመለስለት ብሎ ነው። ሦስቱ የኦዲተሩ ሥልጣን እንዲመለስ ጠየቁ፣ ቃል ተገባላቸው፣ ብራክስን ደገፉ። ኬኔትም ሥልጣኑን አስረክቦ ከፓርላማው ጭምር ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ለእኔ የዚህ አገር ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ከባንኩም ከሕንፃውም በላይ።

2. ምርጫ ሲነሣ ወላጆችሽ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ተረጂ። ግንቦት 7 ቀን 1997 አዲስ አበባ ሌሊት ተነሥታ ተሰለፈች። ያን የመሰለ ሰልፍ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ መሽቶም ተራ የሚጠብቅ ነበር። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። ከተማዋን ግን አልተረከበም። ሰኔና ጥቅምት ላይ በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጠረ፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። ከእኛ መካከል ያንን ዓመት ተሸክሞ እዚህ የደረሰ ብዙ ነው። አባትሽ «ተይ፣ ፖለቲካ ውስጥ አትግቢ» ቢልሽ አትቆጪው። ቁጭ ብለሽ ጠይቂው፣ ይንገርሽ።

3. «እዚህ ሰፈር ሌበር መግባቱ አይቀርም፣ የእኔ ድምፅ ምን ይጨምራል» አትበይ። በ2010 የቴድ ባይሉ ጥምረት 45፣ የጆን ብራምቢ ሌበር 43 ወንበር ይዘው ነበር። ወሳኙ የቤንትሊ ወረዳ የተለየው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው። እሱ ወደ ሌበር ቢዞር ኖሮ 44 ለ44 ይሆን ነበር። ማርች 2013 ላይ ጄፍ ሾ የሚባል አንድ ተወካይ ከሊበራል ሲወጣ ባይሉ በዚያው ዕለት ሥልጣን ለቀቀ። ደግሞም የላይኛው ምክር ቤት አለ፤ በየአካባቢው አምስት አምስት ሰው ስለሚመረጥ እዚያ የሰፈራችን የያራቪል ድምፅ ሳይቆጠር አይቀርም።

4. ሁሉንም ሳጥን ሙዪ። ለታችኛው ምክር ቤት 1 ብቻ ጽፈሽ ከወጣሽ ወረቀቱ ይበላሻል። ከወዳጅሽ ጀምረሽ እስከማትፈልጊው ድረስ ቁጥር ስጪ፤ መጨረሻ የወጣው ተወዳዳሪ ሲሰናበት ወረቀቶቹ በሁለተኛው ቁጥር ይከፋፈላሉና በአንደኛ ድምፅ የመራ ሰው ሊሸነፍ ይችላል። በር ላይ የፓርቲ ሰዎች የሚያድሉሽን ካርድ በትሕትና ተቀበይ፣ ቁጥሩን ግን ራስሽ ወስኚ። 1ን እንደ 7 አትጻፊ፤ በተቀራረበ ወረዳ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ክርክር ይነሣል።

5. የሰፈርሽን ጉዳይ ይዘሽ ጠይቂ። ባይሉን የተካው ናፕታይን በ2014 ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ኢስት ዌስት ሊንክ የተባለውን መንገድ ውል ፈረመ፤ ያሸነፈው ዳንኤል አንድሩስ ውሉን ሰረዘ፤ ዋናው ኦዲተር በኋላ ሲያሰላው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ጠፍቷል። ለእኛ የዌስት ጌት ዋሻ መጣልን፤ በዲሴምበር 2025 ተከፍቶ ከባድ መኪና ከፍራንሲስ ስትሪት ታገደ። የዚያን መንገድ ጭስ ስንት ዓመት የተነፈሱት ልጆች ናቸው። የያራቪል ሰው የዋሻው ጭስ ማውጫ ማጣሪያ ይግባለት ብሎ ጮኋል። እጩው ቤትሽን ሲያንኳኳ መጀመሪያ ይህን ጠይቂው፤ ሲመልስ ዓይኑን እዪ።

6. ቆጠራውን ታገሺ። በቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን የሚያውጀው ግምት ነው፤ በፖስታ የተላከ ድምፅ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይገባል። ከቻልሽ ለምትደግፊው ወገን ታዛቢ ሆነሽ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቁሚ። ታዛቢ አንገቱን አስግጎ እያንዳንዱን ወረቀት ያያል፣ ይከራከራል፣ እጁን ግን አያሳርፍበትም። የተቃራኒው ወገን ታዛቢም ጎንሽ ይቆማል። ሻይ ሲጠጣ አብረሽው ጠጪ።

7. በምርጫ ምክንያት ዕድር አይፈርስ፣ ለቅሶ አይቀር።

8. የምርጫ ቀን በገና ጾም ውስጥ ነው፤ በር ላይ የሚጠበሰው ቋሊማ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ነውና ሳትበዪም ሳንቲም ጣል አድርጊ። አያትሽን ይዘሻት ሂጂ። እንግሊዝኛ አታነብም፣ ዜጋ ግን ናት። አስተርጓሚ ጠይቂላት ወይም ራስሽ አጠገቧ ቁሚ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቢላት፣ የምትለውን ቁጥር እንድትጽፍ አድርጊ። እርሳሱን ከእጇ አትውሰጂባት።