የታደሰ ሞኒተር እንዴት ይገዛል?

በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀጥሎ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን ይመለከታል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። በመጨረሻም ሻጩን፣ «ዋስህ ማነው?» ይለዋል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ አባቶቻችን ሲያደርጉ ያየነው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች አንድ የኮምፒዩተር ሞኒተር ለመግዛት በተነሣን ጊዜ ጥርሱን ሳናይ፣ ዋስም ሳንጠራ 3,000 ብር ሰደድን። ገንዘቡ የማኅበሩ አባሎች ገንዘብ ነበር። ይህ እንዴት እንደ ሆነና በኋላ እንዴት እንደ ገዛን በዚህ ትምህርት እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ሞኒተር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ኮምፒዩተር ሥራውን የሚሠራ ሳጥን አለው። ሳጥኑ የሠራውን ለዓይን የሚያሳየው ደግሞ እንደ መስኮት ያለ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ሞኒተር ይባላል። ብዙ ሰው «ስክሪን» ይለዋል። ሳጥኑ ደህና ሆኖ ሞኒተሩ ቢሰበር ጽሑፉ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሊነበብ አይችልም። የታሸገ ደብዳቤ እንደ ማለት ነው።

እኛ የምንኖረው በቡታጅራ አካባቢ ነው። ማኅበራችን የአባሎችን በርበሬና በቆሎ ሰብስቦ ይሸጣል። የእያንዳንዱ አባል ስም፣ ያስረከበው ኪሎና የሚከፈለው ገንዘብ በኮምፒዩተር ተመዝግቧል። ባለፈው ኅዳር፣ በርበሬ በሚገባበት ጥድፊያ ላይ፣ አንድ ጆንያ ከክምሩ ተንሸራቶ ሞኒተሩ ላይ ወደቀ። (ቢሮአችንና መጋዘናችን አንድ ክፍል ነው። ይህ የራሳችን ጥፋት ነው።) መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት መሰለ። በማግስቱ አባሎች ሒሳባቸውን ሊጠይቁ መጡ። ጸሐፊያችን፣ «በውስጥ አለ፤ ግን አይታየኝም» አለች። ማን ይመናት? ሰው አጉረመረመ።

በከተማው ሱቅ ለአዲስ ሞኒተር 19,000 ብር ተጠየቅን። ጸሐፊዋ፣ «የታደሰ አለ፤ በግማሽ ዋጋ ይገኛል» ብላ ሐሳብ አቀረበች። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ፈረንጅ የጣለውን ዕቃ ምን ብለን እንገዛለን?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እንደሚከተለው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን በየሦስት፣ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ይለውጣሉ። የሚለውጡት ሁልጊዜ ስለ ተበላሸ አይደለም። ዘመኑ ስላለፈበት ወይም የኪራይ ውሉ ስላለቀ ነው። ነጋዴዎች እነዚህን ዕቃዎች በጅምላ ይገዛሉ። ከዚያም አብርተው ይፈትሻሉ፤ የተበላሸ ክፍል ካለ ይለውጣሉ፤ ያጸዳሉ። እንዲህ የተደረገለት ዕቃ «የታደሰ» ይባላል። ወደ እኛ አገር በዱባይ በኩል ዞሮ የሚመጣም አለ። ማረሻ ሲደንዝ ወደ ብረት ቀጥቃጭ እንልከው የለም? ተስሎ ሲመለስ ያርሳል። አሮጌ ነው ብሎ የሚጥለው የለም።

ነገር ግን «ያገለገለ» እና «የታደሰ» አንድ አይደሉም። ያገለገለ ማለት ሌላ ሰው ሠርቶበት እንዳለ የተሸጠ ነው። የታደሰ ማለት ተፈትሾ የተጠገነ ነው። ብዙ ሻጮች ሁለቱን ቃላት ያቀላቅሏቸዋል። በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለውን ሁሉ «የታደሰ» የሚሉ አሉ። ደግሞ «ደረጃ ኤ»፣ «ደረጃ ቢ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ይህን ደረጃ የሚሰጠው ሻጩ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱ ኤ የሌላው ቢ ሊሆን ይችላል። «ምን ፈተሽክ? ምን ለወጥክ?» ብሎ መጠየቅ ከፊደሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ጸሐፊዋ በስልኳ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ሥዕሉ ያማረ ነው። ዋጋው 6,000 ብር ብቻ ነው። ለሻጩ ደወለች። ሻጩም፣ «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው። ዕቃው እንዲቆይላችሁ 3,000 ብር ቀብድ አሁኑኑ ላኩ» አላት። በዚያን ሰዓት አምስት የኮሚቴ አባሎች ከኋላዋ ቆመን ነበር። ሁላችንም በአንድ አፍ፣ «ቶሎ በይ እንጂ! ሊያመልጠን ነው!» አልናት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ነገር ሆኗል። ላከች። ማታ ብትደውል ስልኩ ተዘግቷል። ማስታወቂያውም ጠፍቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ሌባው የሚሠራው በጥድፊያ ነው። በርበሬ ገዢ ነጋዴ «አሁን ካልሸጣችሁ መኪናዬ ሊሄድ ነው» ሲለን ስንት ጊዜ በርካሽ ሸጠናል? ያው ዘዴ ነው፤ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ።

ጠቅላላ ጉባዔ ተጠራ። አንዳንድ አባሎች፣ «ገንዘቡን የላከችው እርሷ ናት፤ ከደመወዟ ይቆረጥ» አሉ። ጸሐፊዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ፣ «እከፍላለሁ። ግን ‹ቶሎ በይ› ያለኝ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ እጁን አነሣ። «እኔ ብዬአለሁ» አለ። እኛም ተከተልን። ስድስት ሆነን ተካፈልነው፤ ለእያንዳንዳችን 500 ብር ደረሰ። ከስድስቱ አንዱ እስከ ዛሬ 200 ብር ይቀርበታል፤ ስሙን አንጠራም። ጉዳዩንም ለፖሊስ አመለከትን። የተጻጻፍነውን መልእክት ስላላጠፋነው ይዘን ሄድን። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ በስልክ የተጻፈ ቃል በወረቀት ስላልሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ ከሻጭ ጋር የምትነጋገሩትን በድምፅ ብቻ አትተዉት። ጻፉት፤ አስጽፉት፤ አታጥፉት። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛውን ጊዜ እንዲህ አደረግን። ጸሐፊዋ ለአራት ሻጮች አንድ ዓይነት መልእክት ላከች፦ «ወንድሜ፣ ሞኒተሩን አብራው። የዛሬን ቀንና የማኅበራችንን ስም በወረቀት ላይ ጻፍ። ወረቀቱን ከበራው ሞኒተር አጠገብ አድርገህ ፎቶ አንሣና ላክልን።» ዘዴው ቀላል ነው። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሥዕል የእኛ ማኅበር ስም አይኖርበትም። ሁለቱ ሻጮች መልስ አልሰጡም። ሦስተኛው፣ «አታምኑኝም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። አራተኛው መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። እርሱ ላከ። ፎቶው በጽሕፈት ቤቱ ስልክ ሲከፈት፣ አምና ፊደል የቆጠረች አንዲት እናት ቀድማ የማኅበራችንን ስም አነበበች። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ሞኒተሩን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያየው ወረቀቱን ነው።

ፎቶ ግን በሬ በሩቅ እንደ ማየት ነው፤ በዚህ ዘመን ፎቶ ላይ የሌለ ጽሑፍ መጨመርም ይቻላል። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚማር የአንድ አባላችን ልጅ ሄዶ እንዲያይልን ላክነው። ምን ምን እንደሚያይ በወረቀት ጽፈን በስልክ አነበብንለት።

በመጀመሪያ ጀርባውን አገላብጦ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። እዚያ ላይ የተሠራበት ዓመትና የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ይጻፋል። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ጽሑፉ «100–240» የሚል ከሆነ ዕቃው ለሁለቱም ይሆናል። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ዕቃ ግን እኛ ዘንድ ሲሰካ ይቃጠላል።

ቀጥሎ መጠኑን ለካ። ሞኒተር የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። የሚለካውም የሚበራው ክፍል ብቻ ነው፤ ጠርዙ አይቆጠርም። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። «22 ኢንች» የተባለው 56 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

ከዚያ አስበራው። ዋናው ፈተና ይህ ነው። የሞኒተር ፊት እንደ ጤፍ ፍሬ በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። በብዙዎቹ ሞኒተሮች በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥቦች አሉ። ብታባዙት ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። የሞተ ነጥብ የሚታወቀው ፊቱ በሙሉ ነጭ ሲደረግ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ ትንኝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ፊቱ በሙሉ ጥቁር ይደረጋል። ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ በጥቁሩ ላይ ይለያል። አንድና ሁለት ነጥብ ሥራ አይከለክልም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

ልጁ ሻጩን ደጅ አላስጠናውም፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ እንዲበራ ለመነው። ምክንያቱም አንዳንዱ አሮጌ ሞኒተር ሲከፈት ደህና ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን ይርገበገባል ወይም ይደበዝዛል። ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል። ጠዋት ጥሩ ስቦ ከሰዓት በኋላ የሚተኛ በሬ ታውቁ የለ?

በመጨረሻ ገመዱን አየ። የኮምፒዩተራችን ቀዳዳ አሥራ አምስት ቀዳዳዎች በሦስት ረድፍ ያሉት ነው፤ ቪጂኤ ይባላል። አዲሶቹ ሞኒተሮች አብዛኛውን ጊዜ ኤችዲኤምአይ የሚባል ጠፍጣፋ ቀዳዳ አላቸው። ሁለቱ በቀጥታ አይገጥሙም። እኛ የኮምፒዩተራችንን ጀርባ ፎቶ አንሥተን ልከንለት ስለ ነበር አልተሳሳተም።

ሁሉም ደህና ሆነ፤ አንድ ነገር ግን ጎደለ። ሞኒተሩ እግር የለውም። ሻጩ 8,500 ብር ያለውን በዚህ ምክንያት 7,900 ብር አደረገው። ልጁ ዕቃው በእጁ ከገባ በኋላ ከጽሕፈት ቤታችን ገንዘቡ ተላከ፤ ደረሰኝም ተቆረጠ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። በደረሰኙ ላይ «የታደሰ፣ 22 ኢንች» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅን፤ ተጻፈ።

በአውቶቡስ ሲመጣ አልተኛም፤ ጣራ ላይም አልወጣም። ልጁ ፊቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ እንደ ቆመ በጉልበቱ መካከል ይዞት መጣ። መስታወቱ የሚሰበረው ከላይ ሲጫኑት ነውና።

እግሩን አናጢያችን ሠራው። በብዙዎቹ ሞኒተሮች ጀርባ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። በእኛው ላይ ከአንዱ እስከ ሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢው በዋንዛ ጣውላ ላይ ለክቶ በአራት አጫጭር ብሎን አሰረው። ረጅም ብሎን ወደ ውስጥ ዘልቆ ዕቃውን ይጎዳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሞኒተሩ 7,900፣ ገመዱ 400፣ መጓጓዣው 250፣ አናጢው 350 ብር። ሲደመር 8,900 ብር ነው። አዲሱ 19,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 10,100 ብር ይሆናል። የተሰረቀው 3,000 ብር ቢቀነስበት 7,100 ብር ይተርፋል። የተሰረቀውን ስድስታችን ስለ ከፈልን በማኅበሩ ሒሳብ መቀነስ የለበትም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ሳይቀነስ መነበብ አልወደድንም።

የተሰበረው ሞኒተር ጉዳይ ቀረ። አንድ ቀን ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ አይቶ፣ «ሽጡልኝ፤ ሰብሬ መዳቡን አወጣለሁ» አለን። አልሸጥንለትም። ያ ሞኒተር የቆየ ነው። ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በፊት በተሠሩት ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ውስጥ እንደ ሸምበቆ የቀጠኑ የመብራት ቱቦዎች አሉ፤ በቱቦዎቹም ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዝ በጥቂቱ ይገኛል። ሆዳቸው ትልቅ የነበረው የድሮዎቹ ደግሞ መስታወታቸው እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። ገመዳቸውን ማቃጠልም ጢሱ ሳንባ ይጎዳል። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ቁጥር መሠረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ተጥሏል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ከተጣለው አንዳንዱ «የታደሰ» ተብሎ ወደ ድኻ አገሮች ይጫናል። የማይበራ ሞኒተር በርካሽ የገዛ ሰው የሌላውን ሰው ቆሻሻ በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

የእኛው ስባሪ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሟል። ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክ የሚረከብ ቦታ ጠይቆ እንዲመጣ ነግረነዋል። የበርበሬውን ጆንያም ከጠረጴዛው አራት እርምጃ አርቀን ደርድረነዋል።