አድልዎ ደንብን ለብሶ ሲመጣ

ሮማ ተብሎ የሚጠራው ሕዝብ በአውሮፓ መኖር ከጀመረ ከ600 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በቼክ ሪፐብሊክ፣ በኦስትራቫ ከተማ፣ የሮማ ልጆች የአእምሮ ዝግመት ላለባቸው ሕፃናት ወደ ተቋቋሙ ልዩ ትምህርት ቤቶች በብዛት ይላኩ ነበር። ከእነርሱም 18ቱ አቤት አሉ። መንግሥት ልጆቹ መፈተናቸውን፣ ወላጆችም መስማማታቸውን ጠቅሶ ተከራከረ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ድርጊቱ አድልዎ እንደ ሆነ ፈረደ፤ ከዘር አድልዎ የመጠበቅ መብት በወላጅ ፊርማ የሚተው አይደለምና።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ በደል ነፃ አልነበረችም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 በሩማንያ ሮማዎችን በስሟ ይቅርታ ጠይቀዋል።

እንግዲህ እኛም በምናስተምርበት ክፍል ማን እንደ ጎደለ፣ በየትኛው ደንብ እንደ ቀረ እንመርምር።