ስላረጀ ውሻ የቆዳ ደዌ፤ ለአቃቂ ቃሊቲ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች የተሰጠ ምክር

በአቃቂ ሜዳ መረሬው አፈር ውኃ ቋጥሮ በሚከርምበት ወራት፣ ዘመኑን ሁሉ በረቱንና አውድማውን ሲጠብቅ ኖሮ አፉ ዙሪያ የሸበተው ውሻ፣ ጠጕሩ ረግፎ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሌሊቱን ሲያክክ ሲያነጋ የሚያይ ባለቤት፣ አንድም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል፣ አንድም ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ይቀባዋል። ሁለቱም ስሕተት ቢሆኑም የኋለኛው ይከፋል፤ ውሻው ገላውን ሲልስ ዘይቱን ይውጠዋል፣ በቆሰለው ቆዳም ይሰርጋል፣ አረጋዊ ጉበትና ኵላሊት ደግሞ ይህን መርዝ አይችልም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ የደዌውን መነሻ መመርመር ይገባል፤ ይህም ዓይንና ጣት እንጂ ብር አይጠይቅም። የጆሮው ጠርዝ በሁለት ጣት ተይዞ ሲታሽ ውሻው የኋላ እግሩን እንደሚያክክ አድርጎ ካወናጨፈ፣ ጠጕሩም መርገፍ የጀመረው ከጆሮው ጠርዝ፣ ከክርኑና ከሆዱ ከሆነ፣ ይልቁንም ከቤተ ሰቡ መካከል የሚያሳክከው ሰው ከተገኘ፣ እከክ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ማከኩ በጅራቱ ሥር ከበረታ፣ ከዚያ የተራገፈው ጥቁር ትቢያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ቀይ ቀለም ከለቀቀ፣ የቁንጫ ኵስ ነው። ነገር ግን ሳያክክ በሁለቱ ጎኖቹ እኩል ከተመለጠ፣ ውኃም አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ፣ መነሻው የውስጥ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ለቅባት የሚወጣው ብር ሁሉ ከንቱ ነው።

የእከክ ተባይ በቆዳ ውስጥ ዋሻ እየፈለፈለ እንቁላሉን የሚጥል፣ ከእንቁላል እስከ ጉልምስናም 3 ሳምንት ያህል የሚፈጅ ረቂቅ ፍጥረት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ታክሞ «ዳነ» ማለት ገንዘብን መጣል ነው፤ ሕክምናው ሐኪሙ በሚወስነው ቀን ይደገማል፣ በግቢው ያሉ ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማሉ፣ የተኙበት ገለባም ይቃጠላል። ለላም ተገዝቶ የተረፈ አይቨርሜክቲን በብዙ ቤት ይገኛል፤ ነገር ግን የከብቱ መርፌ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ክብደት የተመጠነ ነውና በግምት ለውሻ መስጠት አይገባም፤ በአንዳንድ የእረኛ ውሻ ዘሮችም መድኃኒቱ ወደ አንጎል ዘልቆ ይገድላል። የሰብል ፀረ ተባይማ ከቶ አይታሰብ።

ገላው በቀትር ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ፤ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ እድፍ በሚፈስበት በአቃቂ ወንዝ ግን አይታጠብ። መኝታውም ከጭቃው ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ይሁን። ምግቡን በሚመለከት፣ ሁዳዴን 55 ቀን ቤቱ ሁሉ ሲጾም ውሻውም ሳይወድ ይጾማልና፣ ቆዳው የሚሠራበትን ሲሳይ የሚያጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ወራት ነው፤ ጾሙ በእርሱ ላይ አልተጻፈምና አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል ቢያገኝ በደል የለበትም። የእርድ ሳንባና ጉበት ግን ሳይቀቀል አይሰጠው፤ ከዚያ የሚይዘው የኮሶ ትል ለቤተ ሰቡ ይተርፋል።

የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ፤ ውሾች የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ እንደነበር በወንጌል ስለሚነበብ ይሆናል። ወንጌሉ ግን ስለ ድኻው መከራ እንጂ ስለ ፈውስ አልነገረንም፤ ሳያቋርጥ የሚላስ ቁስልም ይረጥባል፣ ይሰፋል፣ ይመግላል። በጨው ውኃ ይታጠብና እንዳይልሰው ይከልከል።

ለዘይትና ለልዩ ልዩ ቅባት የሚባክነው ተጠራቅሞ ለአንድ የሐኪም ምርመራ ቢውል ይሻላል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቆዳውን በቢላዋ ጠርዝ ፍቆ በአጉሊ መነጽር ቢያየው ነገሩ ይገለጣል፤ ካልተቻለም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ፣ ከአቃቂ በሚወስደው በዚያው አውራ ጎዳና ይገኛል። ውሻው በዚያው ጉዞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ይወጋ፤ ሁለት ጊዜ ኪራይ እንዳይከፈል።