ያገለገለ ሹካና ዲስክ ፍሬን ስንገጥም

ጥያቄ፦ የቦክሰር ሞተሬ የፊት ፍሬን ታምቡር ነው። ያገለገለ ሹካና ዲስክ ፍሬን ልገጥምለት አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ዕቃውን ግን ከየቦታው አይለቃቅሙ። ሹካውን ከነማቀፊያው፣ ጎማውን ከነፐርኖው፣ ካሊፐሩንና የፍሬን ፓምፑን ከአንድ ሞተር የወረደ ሙሉ ዕቃ አድርገው ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት የመሪውን ዘንግ ርዝመትና የኩሽኔቱን ልክ ከራስዎ ሞተር ጋር ያመሳክሩ።

የሹካውን ቱቦ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባሉት፤ እየተወዛወዘ ከሄደ ጠማማ ነው። ጎሚኒው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ጥፍርዎን ያሳልፉ፤ ዝገቱ ጥፍርዎን ከያዘው ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም። የዲስኩንም ውፍረት ይለኩ፤ ዝቅተኛው ልክ ብዙውን ጊዜ እላዩ ላይ ተቀርጿል።

የፍሬን ሸራ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ቱቦና ዘይት አዲስ ይሁኑ። የካሊፐር ማሰሪያ በብየዳ የሚያስቀጥል መካኒክ ካጋጠመዎ ሞተርዎን ይዘው ይውጡ።