ልጆችን ይዞ በምሽት ከተማ ማየት

ትልቅ ከተማ ለእንግዳ ልጅ ያስፈራል፤ ይልቁንም በምሽት። መብራቱ ዓይንን ያጭበረብራል፥ የመኪናውም ድምፅ ጆሮን ያደነቍራል። ስለዚህ ከአሶሳ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ አባት አስቀድሞ ሰዓቱን ይወቅ። አዲስ አበባ ከአሶሳ በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነች ፀሐይ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቅባታለች። ጨለማ ሳይደርስበት የልጆቹን እጅ ይያዝ።

ከዚህም በኋላ የሰፈሩን ስም ያስተምራቸው። በከተማይቱ ሰሜናዊ ምዕራብ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው ከሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ነው። እርሳቸውም አሶሳንና በዙሪያዋ ያለውን አገር ይገዙ የነበሩ ባለጸጋ ናቸው፤ በዚያም ሰፈር ቤት ነበራቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከተማይቱ እንደ ባዕድ አገር መታየቷ ይቀራል።

ነገር ግን ልጅ ጠያቂ ነውና፥ «ያ ሁሉ ሀብት ከወዴት መጣ?» ቢል አባት እውነቱን አይሸሽግ። የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበረ፤ ደግሞም የባሪያ ንግድ ነበረ። ከተሸጡትም ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ክብሩን ብቻ የሰማ ልጅ ይታበያል፤ ነውሩን ብቻ የሰማ አንገቱን ይደፋል። ሁለቱንም የሰማ ግን አገሩን ያውቃል። እንግዲህ ልጆችን በምሽት የሚመራ ሰው እጃቸውን አይልቀቅ፥ ጥያቄያቸውንም አይናቅ።