መሶብ በቴሌግራም እንዴት ይሸጣል?

ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን መሶባቸውን ለነጋዴ በርካሽ የሚሰጡት ሌላ ገዢ ስለማያገኙ ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ጥቂት እጩ መምህራን ሆነን የቴሌግራም ቻናል ከፈትንላቸው። በግሩፕ ሁሉም ይጽፋል፤ በቻናል ግን ባለቤቱና አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ስለሚለጥፉ ዕቃው በወሬ አይሸፈንም።

መጀመሪያ ፎቶ ብቻ ለጠፍን፤ ጠያቂ በዛ፣ ገዢ ጠፋ። ለካ ስፋቱንም ዋጋውንም አልጻፍንም! ቀጥለን መሶቡን ከነእንጀራው አነሣን፤ ስፋቱን በሳንቲ ሜትር ለክተን ጻፍን። ለዋጋው የስንደዶውን፣ የአክርማውንና የቀለሙን ወጪ ደመርን።

«ጉልበቴስ?» አሉን አንዲት እናት። አፈርን፤ የሰፉበትን ቀን ቆጥረን ደግመን አሰላን። ዋጋው ከፍ ቢልም ሁለት ተሸጠ፤ ክፍያውም በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር መጣ።

እንግዲህ ይህን ስሌት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እናስተምረው፤ ልጆች የእናታቸውን ድካም ዋጋ ይወቁ።