ማንድሪኖው ሲበላሽ፤ በቤት መቅረጫ መኪና ላይ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ ስለ መለወጥ

«ቤ» የተባለውን ፊደል ከ«ቢ» የሚለየው በእግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ስም በእንጨት ላይ በደቃቅ ፊደል ሲቀረጽ፥ በቀለበቲቱ መካከል ሳይነካ የሚቀረው ሥፍራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ላይበልጥ ይችላል። መኪናው ፑንታውን አስተካክሎ ካልያዘ ያች ሥፍራ ተልጣ ትጠፋለች፤ «ቤዛ» ተብሎ የታዘዘውም ስም «ቢዛ» ተብሎ ይነበባል። ወረቀት ቢሆን ይታረም ነበር፤ የተቀረጸ እንጨት ግን አይታረምም። እንግዲህ «የቋንቋ ተማሪ ስለ ብረት ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው።

ፑንታው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቻችን ከሁለት ነገሮች አንዱን እናደርጋለን። ወይ ዳዶውን ከልክ በላይ እናጠብቃለን፤ ወይ ሞተሩን በሙሉ አውጥተን ሌላ እንገዛለን። ሁለቱም ሳይለዩ መቸኮል ነው። ከመለወጥ በፊት መለየት ይገባል።

ሀ፤ ክፍሎቹ

ለምሳሌ የምንወስደው 3018 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን አነስተኛ መቅረጫ ነው። ቁጥሩ የሥራ ገበታው 30 በ18 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ፑንታውን የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሰካው የብረት ያዥ፥ ማለት ዋናው ማንድሪኖ ነው። ሁለተኛው በውስጡ የሚገባው፥ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ሾጣጣ ቀለበት ሲሆን ኮሌት ይባላል። ሦስተኛው በአፉ ላይ የሚታሰረው ዳዶ ነው። ይህ ዓይነቱ ኮሌት «ኢ አር 11» የሚል መጠሪያ አለው፤ ሬጎ ፊክስ የተባለ የስዊስ ኩባንያ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሠራር ነው። ርዝመቱ 18፥ የሰፊው ወገኑ ዲያሜትር 11.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ፑንታውን የሚይዘው ዳዶው ይመስለናል። ዳዶው ግን ፑንታውን ከቶ አይነካውም። የእርሱ ሥራ ኮሌቱን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ኮሌቱ በየጎኑ 8 ዲግሪ በሾጠጠው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስንጥቆቹ ይጠብቡና ፑንታውን ከዙሪያው እኩል ይጨብጡታል። ስለዚህ በሾጣጣው ላይ ጭረት ወይም የተጋገረ ሰጋቱራ ካለ፥ ዳዶውን የቱንም ያህል ብናጠብቀው ፑንታው አይቃናም።

ለ፤ ምርመራ

ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናው ሶኬት ይነቀል። ቀጥሎ ሦስቱም ክፍሎች ተፈትተው በቡሩሽና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ። ብዙ ጊዜ በሽታው እዚሁ ላይ ያበቃል። ካላበቃ እንደገና ገጥመን እንለካለን።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተራው 80 ግራም የሚባለው የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከባድ የብረት ቁራጭ በገበታው ላይ አስቀምጠን ወደ ፑንታው ልሙጥ እግር እናስጠጋ። ዘንጉን በእጅ እያዞርን ክፍተቱ በጣም በሚጠብበት ቦታ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ እንዲያልፍ እናድርግ። ከዚያ በግማሽ ዙር እናዙረው። አሁንም አንድ ወረቀት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ደህና ነው። ሁለት ካለፈ ንቅናቄው 0.1፥ ሦስት ካለፈ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የሚቀረጸውም መስመር ያንኑ ያህል ይሰፋል።

አሁን ጥፋተኛውን እንፈልግ። ወደ ብረቱ የሚቀርበውን ወገን በማንድሪኖው ላይ በእርሳስ ምልክት እናድርግበት። ዳዶውን አላልተን ፑንታውን ብቻ በግማሽ ዙር አዙረን እንሰር። የሚቀርበው ወገን አብሮ ከዞረ የጎበጠው ፑንታው ነው። ካልዞረ ኮሌቱን በማንድሪኖው ውስጥ በግማሽ ዙር እናዙር፤ አብሮት ከዞረ ጥፋቱ የኮሌቱ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ማንድሪኖውን አውልቀን የሞተሩን ዘንግ ራሱን በዚያው ወረቀት እንለካ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ የሚለወጠው ማንድሪኖው ነው። ሞተር መግዛት የሚያስፈልገው ዘንጉ ራሱ ጎብጦ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሐ፤ አለዋወጥ

ኮሌት ስንገዛ መጠኑን እንጠንቀቅ። የብዙዎቹ ትንንሽ ፑንታዎች እግር 3.175 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 በተባለው ኮሌት ውስጥ በግድ ማስገባት ኮሌቱን ያበላሸዋል። አዲሱ ኮሌት መጀመሪያ ወደ ዳዶው ይገባል፤ ትንሽ አዘንብሎ ሲጫን «ቀጭ» ብሎ ይያዛል። ከዚህ በኋላ ነው ዳዶው ከነኮሌቱ ወደ ማንድሪኖው የሚሄደው። ኮሌቱን አስቀድሞ በጉድጓዱ ውስጥ አኑሮ ዳዶውን በላዩ ማሰር ሁለቱንም ይጎዳል፤ በሚፈታበትም ጊዜ ኮሌቱ ተቀርቅሮ ይቀራል። የፑንታው እግር ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ሾጣጣው ዘይትም ቅባትም አይነካው። ስናጠብቅ በሁለት ቁልፍ፥ አንዱን በማንድሪኖው ሌላውን በዳዶው ላይ አድርገን ነው።

ማንድሪኖውን የምንለውጥ ከሆነ የዘንጉን ውፍረት በካሊብሮ እንለካ፤ በዚህ መኪና ላይ የተለመደው 5 ሚሊ ሜትር ነው። የዳዶው ጥርስ ከአንድ ዓይነት በላይ ስለ ሆነ ማንድሪኖና ዳዶ አብረው ይገዙ። አሮጌው በትንንሽ ቪቴዎች የታሰረ ከሆነ በብሩጎላ ይፈታል። ተጠብቆ የተሰካ ከሆነ ግን በመሳቢያ ቀስ ብሎ ይሳብ እንጂ በመዶሻ ከጎኑ አይመታ፤ ዘንጉን የሚያጎብጠው ይህ ነው። ተጠብቆ የሚሰካውን አዲስ ማንድሪኖ፥ ኮሌቱን አውጥተን ብናሞቀው በቀላሉ ይገባል። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር የ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ0.006 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህች ጥቂት ናት፤ ሆኖም ትበቃለች። እጅ እንዳይቃጠል በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፤ በአንድ ጊዜም ቀጥ ብሎ ይግባ።

መ፤ ከሥራ በፊት

የወረቀቱ ምርመራ ይደገም። ከዚያ መነጽር አድርገን፥ ጓንት አውልቀን፥ ከፑንታው ፊት ገለል ብለን ያለ እንጨት በዝግታ እናስነሣው። በደንብ ያልተያዘ ፑንታ ተስፈንጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ጓንትም በሚዞር ነገር ከተያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል። ድምፁ እኩል ከሆነ በቁራጭ እንጨት ላይ «ቢ» እና «ቤ»ን ጎን ለጎን እንቅረጽ። የቀለበቲቱ መካከል ሳይነካ ከቆመ፥ የሰው ስም ለመቅረጽ ደርሰናል ማለት ነው።